አይዳ፦ በመድረክ የኢትዮጵያ ልዕልት፣ በሕይወት የሚሲሲፒ ልጅ

አዲስ አበባ ውስጥ አይዳ የምትባል ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የክፍል ጓደኛ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስሙን ለምደነዋል። ያን ስም የያዘችው ኦፔራ ግን ለአብዛኞቻችን ሩቅ ናት። "ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት ነው አሉ" ከማለት አናልፍም። አይዳ በእውነት የነበረች የሚመስለውም አይጠፋም። አልነበረችም። ጣልያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ጁዜፔ ቬርዲ የሠራት የመድረክ ሰው ናት።

ይህችን ሴት ባለፉት 150 ዓመታት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዘፋኞች ተጫውተዋታል። ከሁሉም ግን ከስሟ ጋር ተጣብቆ የቀረው የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ስም ነው፤ ሊዮንቲን ፕራይስ። ለመሆኑ ሴትየዋ ምን የተለየ ነገር ብትሠራ ነው? ሚናውስ ለምን ይህን ያህል ይፈራል? "ኢትዮጵያ" የተባለችውስ የኛዋ ናት? እስቲ አንድ በአንድ እንየው። በነገራችን ላይ ከታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኦፔራ፣ ሶፕራኖ፣ አሪያ... ምንድን ናቸው?

ኦፔራ በዘፈን የሚተወን ድራማ ነው። ተዋንያኑ የሚነጋገሩት፣ የሚጣሉት፣ የሚፋቀሩትና የሚሞቱት እየዘፈኑ ነው። ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ ኦርኬስትራው ይቀመጣል። ማይክ የለም። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሶፕራኖ ከሴት ድምፆች ሁሉ ቀጭኑ ነው። ሶፕራኖ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ቀለል፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ያላት አለች። ከመቶ ሰው ኦርኬስትራ በላይ የምትሰማ ከባድ ድምፅ ያላትም አለች። በሁለቱ መሀል ያለችው በጣልያንኛ ስፒንቶ ትባላለች። ሲያስፈልግ እንደ ቀላሏ ትለሰልሳለች፤ ሲያስፈልግ ደግሞ ድምፅዋን ገፍታ ታወጣለች። አይዳ የምትፈልገው ይህችን ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ በትውልድ አንዴ ሁለቴ ቢገኝ ነው።

አሪያ ማለት ደግሞ ገጸ ባሕርይዋ ብቻዋን ቆማ የውስጧን የምታወጣበት ዘፈን ነው። ታሪኩ ለጥቂት ደቂቃ ቆም ይላል፣ ልቧ ይናገራል።

ታሪኩ ምንድን ነው?

ዘመኑ የፈርዖኖች ነው፤ ቦታው ግብፅ። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት። በጦርነት ተማርካ የፈርዖን ልጅ የአምኔሪስ ባሪያ ሆናለች። ንጉሣዊ ደም እንዳላት ግብፅ ውስጥ የሚያውቅ የለም።

ራዳሜስ የሚባል የግብፅ የጦር አዛዥ አለ። አይዳን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አምኔሪስም ትወደዋለች። እመቤትና ባሪያ ለአንድ ወንድ ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያን ግብፅን ወረሩ የሚል ወሬ ይመጣል። የሚመራቸው አሞናስሮ ራሱ ነው። ራዳሜስ ጦሩን እንዲመራ ይሾማል። ሕዝቡ "አሸንፈህ ተመለስ!" እያለ ይጮሃል። አይዳም በስሜት አብራ ትጮሃለች። ሰው ሁሉ ወጥቶ ብቻዋን ስትቀር ያለችው ነገር ድንገት ይገባታል። ማንን አሸንፎ? አባቴን? ወንድሞቼን? ቃሉን እንደገና ትደግመዋለች፤ አሁን ግን ራሷን እየተጸየፈች። ለፍቅረኛዋ ብትጸልይ ወገኗን ከዳች። ለወገኗ ብትጸልይ ፍቅረኛዋን ገደለች። ቬርዲ የዚህችን ሴት ስቃይ ገና በመጀመሪያው ክፍል በአንድ ቃል ላይ አስሮታል።

ራዳሜስ አሸንፎ ይመለሳል። መለከት ይነፋል፣ ሠራዊቱ በሰልፍ ያልፋል። ብዙ ሰው ከአይዳ ውስጥ የሚያውቀው ሙዚቃ ይህ የድል ሰልፍ ነው፤ በኳስ ሜዳ ሳይቀር ይዘፈናል። ከምርኮኞቹ መሀል አሞናስሮ አለ፤ ንጉሥነቱን ግን ደብቋል። ፈርዖን ለራዳሜስ ልጁን አምኔሪስን ይድርለታል። ራዳሜስ የፈለገው ሌላዋን ነበር።

በሦስተኛው ክፍል፣ በሌሊት፣ በአባይ ዳር አሞናስሮ ልጁን ያፋጥጣታል። የግብፅ ጦር በየት በኩል እንደሚዘምት ከራዳሜስ አፍ አውጪ ይላታል። እምቢ ስትለው "ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ" ብሎ ይረግማታል። አባት ይህን ካላት በኋላ ምን ቀራት? ትሸነፋለች። ራዳሜስም ሚስጥሩን ያወጣል። በናፓታ ሸለቆ በኩል ነው ይላታል። አባትየው ተደብቆ ሰምቷል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው። ራዳሜስ እጁን ይሰጣል፤ ከነሕይወቱ ከቤተ መቅደስ ሥር እንዲቀበር ይፈረድበታል። ድንጋዩ ከላዩ ሲገጠም ጨለማው ውስጥ ሰው እንዳለ ያያል። አይዳ ናት። ቀድማ ገብታ ስትጠብቀው ነበር። እዚያው አብረው ይሞታሉ። ከላይ፣ ድንጋዩ ላይ ተደፍታ ሰላምን የምትለምነው አምኔሪስ ናት።

ታዲያ ይህች "ኢትዮጵያ" የኛዋ ናት?

አይደለችምም፣ ናትም።

አይደለችም የምንለው በታሪኩ ዘመን ከሄድን ነው። የጥንት ግሪኮች "ኢትዮጵያ" ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁሮች አገር፣ በተለይ የኩሽን መንግሥት ማለታቸው ነበር። ራዳሜስ አፉን ያዳለጠው ናፓታ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ነው። የታሪኩን ንድፍ ያወጣው ፈረንሳዊው የግብፅ ጥንታዊ ቅርስ አጥኚ ኦጉስት ማሪየት ነው። እሱ ያሰበው ያንን የጥንቱን ዓለም ነው። ስለዚህ አይዳን ከአክሱም ወይም ከላስታ ለማምጣት መድከም አያስፈልግም።

ናት የምንለው ደግሞ ኦፔራው የታዘዘበትን ዘመን ካየን ነው። ያዘዘው የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ነው። ብዙዎች "ለሱዌዝ ቦይ ምርቃት የተሠራ ነው" ይላሉ። ስህተት ነው። ቦዩ የተመረቀው በኅዳር 1869 ነው፤ ቬርዲ ሥራውን የተቀበለው በ1870። ክፍያው 150,000 ፍራንክ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነው። ዝግጅቱም ዘገየ። ልብሱና የመድረክ ቁሳቁሱ ፓሪስ ውስጥ ነበር፤ ፓሪስ ደግሞ በፕሩሲያ ጦር ተከባ ነበር። በመጨረሻ ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ታየ። ቬርዲ ራሱ አልሄደም።

አሁን ወደ ታሪካችን ኑ። ይኸው እስማኤል አገሩን ወደ ደቡብ ለማስፋት ይመኝ ነበር። አይዳ ከታየች አራት ዓመት ሳይሞላ ጦሩን ወደ እውነተኛዋ ኢትዮጵያ ላከ። በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ደመሰሰው። በመጋቢት 1876 ደግሞ በብዙ ዝግጅት ተመልሶ ጉራ ላይ መጣ። አሁንም ተመታ። የኬዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰን ሳይቀር እዚያው ነበር።

በመድረኩ ላይ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ትሸነፋለች። በሜዳው ላይ የተሸነፈችው ግብፅ ናት፤ እሷም ሁለት ጊዜ። ቬርዲ ይህን ለመገመት አይችልም ነበር። ለእኛ ግን ኦፔራውን ስናይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ሚናው ለምን ይፈራል?

ወደ ድምፁ እንምጣ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

አይዳን የምትዘፍን ሴት በአንድ ምሽት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይጠብቃታል። በሁለተኛው ክፍል፣ የድል ሰልፉ ላይ፣ ሙሉ ኦርኬስትራ ይጫወታል። ትልቅ ኅብረ ዝማሬ ይዘፍናል። መድረኩ ላይ መለከቶች ይጮኻሉ። ከዚህ ሁሉ ጫጫታ በላይ የእሷ ድምፅ መሰማት አለበት። ከዚያ ትንሽ እረፍት ታገኛለች። በሦስተኛው ክፍል ስትመለስ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሏል። አሁን የሚፈለገው በጣም ቀጭን፣ በጣም ለስላሳ ድምፅ ነው።

ያለ ማይክ ይህ እንዴት ይሆናል? ምስጢሩ መጮህ አይደለም። የኦርኬስትራ ጉልበቱ ያለው በአብዛኛው ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። የሰው ጆሮ በደንብ የሚሰማው ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለውን ነው። የሠለጠነ ዘፋኝ የጉሮሮውንና የአፉን ቅርጽ እያስተካከለ የድምፁን ኃይል ጆሮ ወደሚወደው ቦታ ይሰበስባል። ሶፕራኖ በጣም ከፍ ስትል ደግሞ አፏን በሰፊው ትከፍታለች። የአፏ ቅርጽ ከምትዘፍነው ድምፅ ጋር ሲገጥም ድምፁ በራሱ ይጎላል። ኪሳራ ግን አለው። አፍ ሁሌም በሰፊው ከተከፈተ "ኢ" እና "አ" ይመሳሰላሉ፣ ቃሉ ይጠፋል። "ኦፔራ ምን እንደሚሉ አይሰማም" የሚል ቅሬታ ካላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ጣልያንኛ ብቻ አይደለም።

ከፍ ብሎ መዘፈኑ ሳይሆን ከፍ ብሎ ቀስ ማለቱ ነው ትልቁ ፈተና። ጉሮሮ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ከፍ ላለ ድምፅ ይወጠራሉ። በኃይል ከሆነ የሳንባ አየር ይረዳቸዋል፤ ገፍቶ ያርገበግባቸዋል። በቀስታ ሲሆን ግን ውጥረቱ እንዳለ ሆኖ አየሩ ይቀንሳል። ቡና ከጀበና ከፍ አድርጎ የሚቀዳ ሰው ያውቀዋል፤ ወፍራም አድርጎ መልቀቅ ቀላል ነው፣ ቀጭኑን ሳይቆርጡ ማውረድ ነው እጅ የሚፈልገው። አየሩ ቅንጣት ያህል ከተዛባ ድምፁ ይሰነጠቃል። መሰንጠቁን ደግሞ ጸጥ ያለ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ቬርዲ ይህን ወጥመድ ያስቀመጠው "ኦ ፓትሪያ ሚያ" በሚለው አሪያ ውስጥ ነው፤ "አገሬ ሆይ" ማለት ነው።

በዚያ አሪያ ውስጥ ምን አለ?

ሌሊት ነው። አይዳ በአባይ ዳር ራዳሜስን ትጠብቃለች። ሊሰናበተኝ ከሆነ ወንዙ መቃብሬ ይሆናል ትላለች። ከዚያ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን ይጀምራል። ዜማው ያዝናል። እሷ አገሯን ታስባለች። ሰማያዊውን ሰማይ፣ የልጅነቷን ለስላሳ ንፋስ፣ አረንጓዴ ኮረብታዎቹን፣ ሽታቸው የሚያውድ ዳርቻዎቹን ትጠራለች። በየመሀሉ "አገሬ፣ ከእንግዲህ አላይሽም" የሚለው ይመለሳል።

ዱባይ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ የኛ ሰው ይህን ለመረዳት ጣልያንኛ አያስፈልገውም። ግጥሙ በጣም ቀላል ነው። ሰማይ፣ ንፋስ፣ ኮረብታ። አንጀት የሚበላውም ቀላልነቱ ነው።

ወደ መጨረሻው ዜማው መውጣት ይጀምራል። ደረጃ በደረጃ ወጥቶ "ሃይ ሲ" የሚሉት ላይ ይደርሳል። ይህ ድምፅ በሴኮንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ነው። አብዛኛው ደራሲ እዚህ ላይ ኦርኬስትራውን አስጩኾ ዘፋኟን ያግዛታል። ቬርዲ ግን ከኖታው ላይ "ዶልቼ" ብሎ ጻፈ። በለስላሳ፣ በጣፋጭ ማለት ነው። መደበቂያ የለም። አይዳን በሌላው ቦታ ሁሉ አሳምረው የሚዘፍኑ ስመ ጥር ሶፕራኖዎች እዚህች ቦታ ላይ ይፈራሉ። ሕዝቡም እዚህ ቦታ ላይ ትንፋሹን ይይዛል። ካለቀ በኋላም ማረፍ የለም። ወዲያው አባትየው ይመጣል፣ ያ እርግማን ያለበት ከባድ ንትርክ ይጀመራል። ቀጥሎ ራዳሜስ። ሦስተኛው ክፍል በሙሉ በእሷ ጫንቃ ላይ ነው።

ሊዮንቲን ፕራይስ ማናት?

በ1927 ሎረል በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ ተወለደች። አባቷ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራ ነበር። እናቷ አዋላጅ ናት፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥም ትዘምር ነበር። ጥቁርና ነጭ አንድ ትምህርት ቤት የማይማሩበት፣ አንድ በር የማይገቡበት ዘመን ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ እናቷ ጃክሰን ከተማ ወስዳ ማሪያን አንደርሰን ስትዘፍን አሳየቻት። አንደርሰን በዘመኑ በዓለም የታወቀች ጥቁር ዘፋኝ ነበረች። ትንሿ ልጅ ልቧ እዚያ ቀረ።

ኮሌጅ የገባችው መምህር ልትሆን ነበር። በኋላ ኒው ዮርክ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። በ1955 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቶስካ የተባለውን ኦፔራ ስትዘፍን በደቡብ ያሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ፕሮግራሙን አናስተላልፍም አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥቁር ሴት ከነጭ ወንድ ጋር የፍቅር ትዕይንት ልትሠራ ነዋ።

አይዳን በመድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችው በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ያኔም ተራው የእሷ አልነበረም። የተመደበችው ጣልያናዊት ትርፍ አንጀቷ ታመመና ፕራይስ ተተካች። በቀጣዩ ዓመት ኸርበርት ፎን ካራያን የሚባለው ታላቅ የኦርኬስትራ መሪ ቪየና ወሰዳት። በዚያው ዓመት ለንደን ዘፈነችው፤ እዚያም በሌላ ሰው ምትክ ገብታ። በ1960 ሚላኖ፣ ላ ስካላ በተባለው የኦፔራ ቤት መድረክ ላይ ቆመች። ላ ስካላ የቬርዲ ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ አይዳ ከካይሮ ቀጥሎ በ1872 የታየችው እዚያ ነው። ጣልያኖች በቬርዲ ጉዳይ ይሉኝታ አያውቁም፤ ካልጣማቸው ከላይኛው ፎቅ ይጮሃሉ። እሷን ግን ተቀበሏት።

አሜሪካ ውስጥ ትልቁ መድረክ ሲጋብዛት ለምን እምቢ አለች?

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ በአጭሩ ሜት፣ በ1955 ማሪያን አንደርሰንን እስኪያስገባ ድረስ ጥቁር ዘፋኝ በዋና ሚና አላስቆመም ነበር። በ1958 ደግሞ ፕራይስን አይዳን እንድትዘፍን ጋበዛት። ማንኛዋም ወጣት ዘፋኝ እየሮጠች የምትቀበለው ግብዣ ነው። እሷ አልተቀበለችም።

ቀድሞ በቴሌቪዥን ኦፔራ ያሠራት ፒተር ኸርማን አድለር ያለው ነገር ነበር። ይህች ሴት ትልቅ አርቲስት ትሆናለች፤ ሜት ስትገባ በእመቤት ሚና ትግባ እንጂ በባሪያ አይሁን። አይዳ ልዕልት ብትሆንም በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ናት። በዚያ ዘመን አሜሪካ፣ ለአንዲት የሚሲሲፒ ጥቁር ሴት፣ በትልቁ መድረክ የመጀመሪያ መታያዋ የባሪያ ልብስ ለብሳ እንዲሆን አልተፈለገም።

ጠበቀች። ጥር 27 ቀን 1961 ሜት ላይ በቬርዲ "ኢል ትሮቫቶሬ" ውስጥ የመኳንንት ልጇን ሊዮኖራን ሆና ገባች። እመቤት ማለት ይኸው። ጭብጨባው 42 ደቂቃ ገደማ ቆየ ተብሎ ይነገራል። አይዳንም እዚያው መድረክ ላይ የዘፈነችው ከዚያ በኋላ ነው፣ በዚያው የትዕይንት ወቅት። ሚናውን ጠልታው እንዳልነበር ከዚህ ይታያል። በየትኛው በር እንደምትገባ ነበር የመረጠችው።

የእሷ አይዳ ምን የተለየ ነበር?

አንደኛ ድምፁ። ከታች ጭስ ያለበት፣ ጨለም ያለ ቀለም አለው። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ይጠራል፣ ያበራል። "ዶልቼ" የተባለውን ቦታ በእውነት ዶልቼ የማድረግ አቅም ነበራት። ብዙ ዘፋኞች እዚያ ቦታ ላይ ድምፁን ጮኸው ያልፉታል፤ ብልሃት ነው፣ አይፈረድባቸውም።

ሁለተኛው አቋሟ ነው። አይዳን ስታለቅስ የምትውል ምስኪን አድርጎ መጫወት ቀላል ነው። ፕራይስ ግን በባሪያ ልብስም ውስጥ የንጉሥ ልጅነቷን አትረሳም። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምታዝነው። ሚናውን በተመለከተ ቆዳዬ ራሱ ልብሴ ነበር ማለቷም ይታወቃል። ሌሎቹ ፊታቸውን ቀብተው የሚገቡበትን ሚና እሷ እንደተፈጠረች ሆና ገባችበት።

የ1985ቱ ምሽት ምን ሆነ?

ፕራይስ ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው ጥር 3 ቀን 1985 ነው፤ ሜት ላይ፣ በአይዳ። 58 ዓመቷን ሊሞላት አንድ ወር ገደማ ቀርቷት ነበር። በዚህ ዕድሜ አብዛኛዋ ሶፕራኖ እንዲህ ያለውን ሚና ካቆመች ቆይቷል። ትዕይንቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ ለመላ አሜሪካ ተላለፈ። ስለዚህ ብትሳሳት አገር ሁሉ ያያል።

"ኦ ፓትሪያ ሚያ" ደረሰ። ያ ከፍታ ደረሰ። ወጣችው። የመጨረሻው ድምፅ ሲያልቅ አዳራሹ ፈነዳ። ጭብጨባው ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆየ። ሦስት ደቂቃ በወሬ አጭር ናት። መድረክ ላይ ብቻውን ለቆመ ሰው ግን አታልቅም። ቪዲዮው ላይ ካሜራው ቀርቦ ይታያል። አይዳን ሆና ለመቆየት ትታገላለች፤ ፊቷ ግን እየከዳት ነው። "አገሬ፣ ከእንግዲህ አላይሽም" ያለችው አይዳ ናት ወይስ መድረኩን የምትሰናበተው ሊዮንቲን? ሁለቱን መለየት የሚያስቸግርበት ቅጽበት ነው።

ጭብጨባው ሲበርድ ሥራው ይቀጥላል። አሞናስሮ ሆኖ የገባው ሳይመን ኤስቲስ ነው፤ እሱም ጥቁር አሜሪካዊ። "የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ" የሚለውን እርግማን በዚያ ምሽት የተወራወሩት ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። እኔ ከጭብጨባው ይልቅ ይህን ትዕይንት ነው ደጋግሜ የማየው። ከዓመታት በኋላ የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ተመልካቾች በ30 ዓመት የሜት ስርጭት ውስጥ ታላቁን ቅጽበት ሲመርጡ አንደኛ ያወጡት ያንን አሪያ ነው።

የፊት ቀለም ክርክሩስ ምንድን ነው?

ለረጅም ዘመን ነጭ ሶፕራኖዎች አይዳን ሲዘፍኑ ፊታቸውንና እጃቸውን ጥቁር ቀለም ይቀቡ ነበር። "ኢትዮጵያዊት ናትና" ይባላል። ተቃዋሚዎች ደግሞ ነጮች ተቀብተው በጥቁር ሕዝብ ላይ ያሾፉበት የአሜሪካ ቲያትር ታሪክ እንዳይረሳ ይላሉ። ሜት በ2015 "ኦቴሎ" በተባለው ኦፔራ ላይ ይህን ልማድ አቆመ።

ጣልያን ውስጥ ግን ቀጠለ። በቬሮና ጥንታዊው የሮማውያን አደባባይ አይዳ ከ1913 ጀምሮ ትታያለች፤ በየበጋው ሺዎች ይሰበሰባሉ። በ2022 ሩሲያዊቷ አና ኔትሬብኮ ፊቷን ተቀብታ እዚያ ዘፈነች። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ኤንጀል ብሉ በዚያው አደባባይ በሌላ ኦፔራ ልትዘፍን ነበር። ይህን ስትሰማ አልመጣም አለች። የዝግጅቱ ወገኖች ይህ የቆየ ዝግጅት ነው፣ የቲያትር ሜካፕ ነው አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ታኅሣሥ 31 ቀን 2024፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሜት አዲስ የአይዳ ዝግጅት ከፈተ። አይዳ የሆነችው ኤንጀል ብሉ ናት።

በክርክሩ ውስጥ ብዙም የማይነሳ አንድ ነገር አለ። ሙዚቃው ውስጥ አይዳን ኢትዮጵያዊት የሚያደርግ ዜማ የለም። ቬርዲ የኛን ቅኝት አያውቅም። ሁሉም ጣልያንኛ ነው፣ "ምሥራቃዊ" እንዲመስል የተቀመመውም ጭምር። ኢትዮጵያዊነቷን የሚሸከሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ቃሉ፣ መልኩና ዘፋኟ። ለዚያ ነው ማን ትዝፈናት የሚለው ጥያቄ ይህን ያህል የሚያወዛግበው።

ማየት ለሚፈልግ ከየት ይጀመር?

ሦስት ሰዓት ያህል ኦፔራ ለጀማሪ ይከብዳል፤ አንዋሽ። ከሦስተኛው ክፍል ጀምሩ። አንድ ቦታ፣ አንድ ሌሊት፣ በአብዛኛው ሦስት ሰው ነው። ሰልፍ የለም፣ ታሪኩ ግን በሙሉ እዚያ ይገለበጣል። የጽሑፍ ትርጉም ያለበትን ፈልጉ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ቀጭኑን ድምፅ ይገድለዋል።

ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ ፕራይስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮም ውስጥ ከኦርኬስትራ መሪው ከጆርጅ ሾልቲ ጋር የቀረፀችው አለ። ያኔ በሰላሳዎቹ ዕድሜዋ ላይ ነበረች። ያንን አሪያ መጀመሪያ ከዚያ ስሙ፣ ከዚያ የ1985ቱን ክፈቱ። የወጣትነቱ ድምፅ ይበልጥ ያምራል፤ ያለ ጥርጥር። የኋለኛው ላይ ትንፋሹ አጠር ብሏል፣ ከታች ያለው ድምፅም ሻከር ብሏል። የትኛዋ አይዳ እንደምትሻል ግን የኦፔራ ወዳጆች ዛሬም ይጨቃጨቁበታል። እኔ የኋለኛዋን እመርጣለሁ።